ድምፁ ተሰጠ፣ መሬቱ ዘገየ፦ የእንግሊዝ ቅድመ ሁኔታና የዚምባብዌ አርሶ አደር

ዚምባብዌ ነጻ ከወጣች ከ45 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። መንግሥቷ ግን ዛሬም "ይህ ማሳ የማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ ወረቀት እያዘጋጀ ይገኛል። በአንድ እጁ ከ2000 ወዲህ እርሻቸው ለተወሰደባቸው ነጭ ገበሬዎች የካሣ ሰነድ ይፈርማል፤ በሌላ እጁ በዚያው መሬት ላይ ለሰፈሩት ጥቁር አርሶ አደሮች የባለቤትነት ሰነድ ያድላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካሣው ስምምነት የተፈረመው በሐምሌ 2020 ነው። መጠኑ 3 ነጥብ 5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ የሚከፈለው ለመሬቱ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ለተሠራው ቤት፣ ግድብ፣ የውኃ ጉድጓድና ሌላ ልማት ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች በ2025 ቢጀመሩም በጥሬ ገንዘብ የተሰጠው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው በመንግሥት የዕዳ ሰነድ መልክ ለወደፊቱ የተቀጠረ ነው። የባለቤትነት ሰነዱን ማደል ደግሞ ፕሬዚዳንት ኤመርሰን ምናንጋግዋ በታኅሣሥ 2024 በይፋ አስጀምረውታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሐራሬን በአብዛኛው የምናውቃት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከ1991 ጀምሮ የተጠለሉባት ከተማ በመሆኗ ነው። ከዚያ አልፎ ግን የዚያች ሀገር ታሪክ ለአራሽ ሰው ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። አንድ ሀገር ነጻ ከወጣ ከአርባ ዓመት በኋላ የመሬቱን ሒሳብ ሊዘጋ ያልቻለው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ነጻነቱ የተሰጠበትን ውል መመርመር ያስፈልጋል። ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ።

ማሳው እንዴት ተከፈለ?

የሴሲል ሮድስ ኩባንያ ከእንግሊዝ ንግሥት የፈቃድ ደብዳቤ ያገኘው በ1889 ነው። በተከታዩ ዓመት የኩባንያው ሰልፈኞች ወደ ማሾናላንድ ዘልቀው የዛሬዋ ሐራሬ በቆመችበት ስፍራ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። በ1896፣ አባቶቻችን ዐድዋ ላይ ወራሪውን ድል በመቱበት በዚያው ዓመት፣ የንዴቤሌና የሾና ሕዝቦችም በኩባንያው አገዛዝ ላይ ተነሥተው ነበር። የእነርሱ ዕጣ ግን ከእኛ ተለየ። አመፁ በጦር ኃይል ተደመሰሰ፤ መሪዎቹም ተሰቀሉ። ሀገሪቱም በሮድስ ስም ሮዴሽያ ተባለች።

በ1923 እንግሊዝ ደቡብ ሮዴሽያን ከኩባንያው እጅ አውጥታ የውስጥ አስተዳደሯን ለነጭ ሰፋሪዎቹ አስረከበች። ፓርላማው፣ ፖሊሱና ጦሩ በእነርሱ እጅ ገባ። ይህ ርክክብ ከአርባ ዓመት በኋላ እንግሊዝን ራሷን እጅ የሚያስር ሆኖ ይመጣል።

ሰፋሪዎቹ ሥልጣን እንደያዙ መሬቱን በሕግ ከፈሉት። በ1930 የወጣው የመሬት ድልድል ሕግ የሀገሪቱን ግማሽ ያህል ለነጮች ብቻ ከለለ። በዚያን ጊዜ የነጮቹ ቁጥር 50 ሺህ ገደማ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጠው ጥቁር ሕዝብ የተተወው "የአገሬው ክልል" ግን ከሀገሪቱ ስፋት ሲሶ አይሞላም ነበር።

ጉዳዩን በስፋት ብቻ መለካት አያጠግብም። ግብርና የተማረ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዝናቡና ስለ አፈሩ ነው። የሀገሪቱ የግብርና ባለሙያዎች መሬቱን በዝናብ መጠኑና በአፈሩ ለምነት በአምስት የተፈጥሮ ቀጠናዎች ይመድቡታል። ዝናብ የማያጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠናዎች በአብዛኛው የነጮች እርሻ ሆኑ። የጥቁሮቹ ክልሎች የሚበዙት ደግሞ ዝናቡ አንድ ዓመት መጥቶ ሌላውን ዓመት በሚቀርባቸው በአራተኛውና በአምስተኛው ቀጠና ላይ ነበሩ። በእኛ አነጋገር ወይና ደጋው ለጥቂቱ፣ አሸዋማው ቆላ ለብዙው ሆነ ማለት ነው።

በዚህም አላበቃም። በ1930ዎቹ የወጡት የበቆሎ ግብይት ሕጎች ጥቁሩ አምራች ለአንድ ዓይነት እህል ከነጩ ያነሰ ዋጋ እንዲያገኝ አደረጉ። በ1951 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አርሶ አደሩ ከብቱን እንዲቀንስና ማሳው ተለክቶ እንዲሰጠው አስገደደው። ምክንያቱ የአፈር መሸርሸርን መከላከል ነው ተባለ። አፈሩ መሸርሸሩ እውነት ነበር፤ የተሸረሸረው ግን ሰውና ከብት በጠባብ ክልል ስለታጨቁ ነው። በመሆኑም የነጻነት ንቅናቄው በገጠር ሥር የሰደደው ስለ ምርጫ ሣጥን ብቻ በመስበክ አይደለም። የተወሰደውን ማሳና የተቀነሰውን ከብት በማስታወስ ጭምር ነው።

ቅድመ ሁኔታው ከየት መጣ?

በ1910 እንግሊዝ የደቡብ አፍሪካን ሥልጣን ለነጮች ስታስረክብ የጥቁሩን ሕዝብ ድምፅ አላስጠበቀችም። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሩን ከአብዛኛው የሀገሪቱ መሬት አገለለው። በ1960ዎቹ የአፍሪካ ሀገራት በተከታታይ ነጻ ሲወጡ የለንደን ፖለቲከኞች ይህን ስሕተት በሮዴሽያ መድገም እንደማይቻል ተገነዘቡ። ጎረቤቶቿ ማላዊና ዛምቢያ በ1964 በጥቁር መሪዎች ሥር ነጻ ወጡ። የደቡብ ሮዴሽያ ነጮችም "ለእኛስ ነጻነት ለምን ይከለከላል?" ብለው ተነሡ።

ሊያስጠብቁት የፈለጉት በ1961 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ነበር። ያ ሕገ መንግሥት መራጩን በገቢ፣ በንብረትና በትምህርት ደረጃ በሁለት መዝገብ ይከፍላል። ከ65 የምክር ቤት መቀመጫዎች 50ዎቹ የሚገኙት በላይኛው መዝገብ ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ የሚሰፍረው ሰው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። በቃል ደረጃ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው መመዘኛ ግን በክልሉ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ የሚደርስበት አይደለም።

እንግሊዝ በዚህ ጊዜ አምስት መርሖዎችን አስቀመጠች። ወደ ብዙኃን አገዛዝ የሚወስደው መንገድ እንዳይደናቀፍ ዋስትና ይሰጥ፤ ሕገ መንግሥቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይጠበቅ፤ የጥቁሩ የፖለቲካ ደረጃ ወዲያው ይሻሻል፤ የዘር መድልዎ ወደ መቆም ያምራ፤ የነጻነቱን ውል መላው ሕዝብ የተቀበለው መሆኑ ይረጋገጥ የሚሉ ነበሩ። ኋላም አብላጫው አናሳውን፣ አናሳውም አብላጫውን እንዳይጨቁን የሚል ስድስተኛ ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ልዩነት አለ። አምስቱ መርሖዎች የሚጠይቁት መንገዱ ክፍት እንዲሆን ነው እንጂ ሕዝቡ ከመድረሻው እንዲደርስ አይደለም። ነጮቹ ነጻነቱን ዛሬ ይወስዳሉ፤ ጥቁሩ ደግሞ ሥልጣን ላይ የሚደርስበት ቀን ወደፊት ይታያል ማለት ነው። "ከብዙኃን አገዛዝ በፊት ነጻነት የለም" የሚለው ጠንካራ ቅድመ ሁኔታ የተወለደው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ለዚህም የገፋፉት የኮመንዌልዝ አባል የሆኑት የአፍሪካና የእስያ መንግሥታት ነበሩ።

ጉልበት የሌለው መርሕ

የነጮቹ መሪ ኢያን ስሚዝ ኅዳር 11 ቀን 1965 ያለ እንግሊዝ ፈቃድ በተናጠል ነጻነት ዐወጁ። በሀገሪቱ 220 ሺህ ገደማ ነጮችና 4 ሚሊዮን ገደማ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ድርጊቱን አመፅ ነው ቢሉም፣ ጦር እንደማይልኩ አስቀድመው በግልጽ ተናግረው ነበር። የ1923ቱ ርክክብ ውጤት የታየው ያን ጊዜ ነው። በኬንያ የእንግሊዝ ገዢና የእንግሊዝ ወታደር ስለነበሩ፣ በ1960 ለንደን ላይ የብዙኃን አገዛዝ እንደሚመጣ ሲነገር ሰፋሪው እንቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። በሮዴሽያ ግን ጠመንጃው ያለው በሰፋሪዎቹ ትከሻ ላይ ነበር።

ጉዳዩ በፍጥነት ወደ አዲስ አበባ መጣ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 1965 መጀመሪያ በመዲናችን አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ እንግሊዝ አመፁን እስከ ወሩ አጋማሽ ካልደመሰሰች አባል ሀገራት የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ ወሰነ። ውሳኔውን የፈጸሙት ግን ጥቂት መንግሥታት ብቻ ነበሩ።

ዊልሰን ማዕቀቡ በወራት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ፍሬ እንደሚያፈራ ተስፋ ሰጥተው ነበር። በታኅሣሥ 1966 በጦር መርከብ ላይ ከስሚዝ ጋር የተደረገው ድርድር ሲከሽፍ፣ በዚያው ወር ከብዙኃን አገዛዝ በፊት ነጻነት እንደማይሰጥ ለፓርላማቸው አስታወቁ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በዚያው ወር አስገዳጅ ማዕቀብ ጣለ፤ በግንቦት 1968 ደግሞ ሁሉን አቀፍ አደረገው።

ነዳጁ ግን በደቡብ አፍሪካና በፖርቹጋል ሥር በነበረችው ሞዛምቢክ በኩል መግባቱን ቀጠለ። አሜሪካም ከ1971 ጀምሮ የሮዴሽያን ክሮም ማዕድን ለመግዛት የሚያስችል ሕግ አወጣች። ማዕቀቡ ክፉኛ የጎዳው የትምባሆ ንግድን ነበር፤ ነጮቹ ገበሬዎችም በመንግሥታቸው ድጋፍ ወደ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ጥጥና ከብት እርባታ ዞሩ። እንዲህ ያለ ድጋፍ ያላየው የክልሉ ገበሬ የማዕቀቡን ዘመን ያሳለፈው በጠበበ ማሳው ላይ ሆኖ ነው።

መርሑን የጣለችውም ራሷ ያወጣችው ሀገር ናት። በ1968 በሌላ የጦር መርከብ ላይ በተደረገው ድርድር እንግሊዝ ከብዙኃን አገዛዝ በፊትም ነጻነት ሊሰጥ የሚችልበትን ሐሳብ አቀረበች። በኅዳር 1971 የወግ አጥባቂው መንግሥት ከስሚዝ ጋር የተፈራረመው ስምምነት የባሰ ነበር። አንድ የሕግ ምሁር ባደረጉት ስሌት መሠረት በዚያ ውል የብዙኃን አገዛዝ ቢፈጥን በ2035 ይደርሳል። ዛሬ ያለነው ትውልድ እንኳ ገና አላየውም ነበር ማለት ነው።

ገበሬው የሰጠው መልስ

ያን ውል ያስቀረው ተራው ሕዝብ ነው። አምስተኛው መርሕ "ውሉን ሕዝቡ ይቀበለው" ስለሚል፣ እንግሊዝ በጥር 1972 በሎርድ ፒርስ የሚመራ ኮሚሽን ወደ ሮዴሽያ ላከች። ኮሚሽኑ ከከተማ እስከ ገጠር ክልል እየተዘዋወረ የሰውን ሐሳብ ጠየቀ። ጳጳስ አቤል ሙዞሬዋ የሚመሩት ምክር ቤትም ሕዝቡን "እንቢ በል" እያለ ቀሰቀሰ። በግንቦት የወጣው ሪፖርት፣ ነጮቹ በአብዛኛው እንደተቀበሉት፣ አብላጫው ጥቁር ሕዝብ ግን እንዳልተቀበለው አረጋገጠ። ስምምነቱም ቀረ።

ለዘመናት የምርጫ ካርድ የተከለከለው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ የሁለት መንግሥታትን ፊርማ ዋጋ አሳጣ። አምስቱ መርሖዎች ከወረቀት ወርደው በሰው አፍ የተነገሩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ጠመንጃ ዞረ። በታኅሣሥ 1972 በሰሜን ምሥራቅ በአንድ የነጭ እርሻ ላይ የተሰነዘረው ጥቃት የሽምቅ ውጊያውን አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ሞዛምቢክ በ1975 ነጻ ስትወጣ ረጅሙ የምሥራቅ ድንበር ለታጋዮቹ ተከፈተ። ስሚዝ በ1976 የብዙኃን አገዛዝን በመርሕ ደረጃ ለመቀበል ተገደዱ። በ1979 ሙዞሬዋ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑበት የውስጥ ስምምነት ቢሞከርም፣ ጦሩና ፖሊሱ በነጮች እጅ ስለቀሩ ዓለም ዕውቅና ነፈገው። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ።

ውሉ ላይ የጎደለው

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 1979 ለንደን ውስጥ በላንካስተር ሐውስ የተደረገው ጉባኤ ጦርነቱን አስቆመ። በየካቲት 1980 ምርጫ ተደረገ። ለጥቁሮቹ ከተመደቡት 80 መቀመጫዎች የሮበርት ሙጋቤ ፓርቲ 57ቱን፣ የጆሹዋ ንኮሞ ፓርቲ 20ውን አገኙ። ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዚምባብዌ ነጻ ወጣች። ከብዙኃን አገዛዝ በፊት ነጻነት የለም የሚለው ቅድመ ሁኔታ ከ14 ዓመት በኋላ ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ በዚያ ጉባኤ ድርድሩን ሊያፈርስ የደረሰው ነገር የምርጫው ጉዳይ ሳይሆን የመሬቱ ነበር። በስተመጨረሻ የተደረሰበት ቃል፣ ለ10 ዓመት የንብረት መብት እንዳይነካና መሬት የሚተላለፈው በዋናነት ሊሸጥ ከፈለገ ባለቤት በግዢ እንዲሆን የሚል ነበር። እንግሊዝና አሜሪካ በገንዘብ እንደሚያግዙ ተስፋ ቢሰጡም፣ በውሉ ላይ የሰፈረ የገንዘብ መጠን አልነበረም።

ስለዚህ ነጻነቱ ሲበሠር 6 ሺህ ገደማ ነጭ ገበሬዎች 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት እንደያዙ ቀሩ። አዲሱ መንግሥት 162 ሺህ አባወራዎችን ለማስፈር አቅዶ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የደረሰላቸው ከሲሶው ብዙም አይበልጡም። ለሽያጭ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ ደካማው መሬት ነበር። በነገራችን ላይ በ1980ዎቹ ዘርና ማዳበሪያ፣ ብድርና ገበያ ያገኘው የክልሉ ገበሬ የበቆሎ ምርቱን በእጅጉ አሳድጎ ነበር። ይህም ችግሩ የገበሬው ስንፍና እንዳልነበረ ይመሰክራል።

የ10 ዓመቱ ገደብ በ1990 ካለፈ በኋላም ዳተኝነቱ ቀጠለ። በ1997 የለንደን አዲሱ የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት ለመሬት ግዢ የመክፈል ልዩ ኃላፊነት እንደሌለበት በደብዳቤ አሳወቀ። በየካቲት 2000 ሙጋቤ ያቀረቡት የሕገ መንግሥት ረቂቅ በሕዝበ ውሳኔ ወደቀ፤ ወዲያው የቀድሞ ታጋዮችና ደጋፊዎች ወደ ነጮች እርሻ ገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 4 ሺህ ገደማ እርሻዎች ተወሰዱ።

ውጤቱን በአንድ ቃል መደምደም አይቻልም። ከ150 ሺህ በላይ አባወራዎች መሬት አገኙ። በአንጻሩ ባለሥልጣናት ምርጥ እርሻዎችን ተቀራመቱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የእርሻ ሠራተኞች ከሥራና ከመጠለያ ተፈናቀሉ። ከ230 ሚሊዮን ኪሎ ግራም በላይ የነበረው የትምባሆ ምርት በ2008 ከ50 ሚሊዮን በታች ወረደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የዋጋ ንረቱ በመንግሥት ቁጥር 231 ሚሊዮን በመቶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አነስተኛ አምራቾች ከነጋዴዎች ጋር በውል እየሠሩ ትምባሆውን መልሰው አሳደጉ፤ በ2023 ከ290 ሚሊዮን ኪሎ ግራም አለፈ። ማሳው የሚሠራ ሰው አላጣም፤ ያጣው በባንክ ዘንድ የሚታመን ሰነድ ነው። ዛሬ የሚታደለው የባለቤትነት ወረቀት የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ምን እንማራለን?

አንዳንዶች "ያ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ምን ፈየደ?" ይላሉ። ይህ ሙሉ ፍርድ አይደለም። መርሑ ባይኖር ሮዴሽያ እንደ 1910ሯ ደቡብ አፍሪካ በጥቂቶች እጅ በሕጋዊ መንገድ ነጻ ትወጣ ነበር። በ14ቱ ዓመታት አንድም መንግሥት ለስሚዝ አገዛዝ መደበኛ ዕውቅና ያልሰጠው፣ ያ መርሕ የሕጋዊነትን በር ስለዘጋ ነው።

ነገር ግን መርሑ ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛው አስፈጻሚ ነው። ዐዋጅ የሚያወጣ ሰው ለዐዋጁ ምን ሊከፍል እንደተዘጋጀ ካልተናገረ፣ ክፍያው በደካማው ላይ ይወድቃል። የእንግሊዝን ወታደሮች ሕይወት ያዳነው ውሳኔ የሮዴሽያን ገጠር ለጦርነት ዳርጓል።

ሁለተኛው ከዚህ የጠለቀ ነው። መርሑ "ማን ይምረጥ?" የሚለውን ሲመልስ "ማን ይረስ?" የሚለውን ለነገ አሳደረው። ብዙኃኑ መንግሥት ሲይዝ ሁሉም ይስተካከላል የሚል ተስፋም ነበረበት። አልሆነም። በ1980ዎቹ በማታቤሌላንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች የተገደሉት በብዙኃን ድምፅ በተመረጠ መንግሥት ጦር ነው። መሬቱም ሲከፋፈል ለባለሥልጣን ያደላው ያው መንግሥት ነው። የድምፅ መስጫ ካርድ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ቤት ግን ራሱ አይሠራም።

የእኛ ሀገር የመሬት ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው፤ በ1975 የገጠር መሬት በዐዋጅ ከባለርስቱ የተወሰደው በውጭ ሰፋሪ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በሣጥን ቆልፎ የሚያስቀምጥ አርሶ አደር፣ የማሾናላንዱ ገበሬ ያቺን ወረቀት ለምን ይህን ያህል እንደጠበቃት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በርስት ቀልድ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ዚምባብዌ አሁን የምትከፍለው ካሣና የምታድለው ሰነድ በ1979 በላንካስተር ሐውስ ጠረጴዛ ላይ ሳይቋጭ የቀረው ሒሳብ ነው። ያን ጊዜ የመግዣው ገንዘብ በቁጥር ተጽፎ፣ የርክክቡ ዘመንም ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ይቀል ነበር። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያልታረቀ ነገር ከነወለዱ ይመለሳል። የዚያ ወለድ ከፋይም፣ ትናንትም ሆነ ዛሬ፣ ውሉ ሲፈረም ከጠረጴዛው ዙሪያ ያልነበረው ገበሬ ነው።